ለሆቴልዎ ስዊች ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ላይ ሆቴል ሠርተው ለየክፍሉ ቴሌቪዥን በኔትወርክ ኬብል ሊያስገቡ ካሰቡ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጨነቅዎ በፊት ኬብሎቹን ሁሉ ስለሚያገናኘው ስዊች ይጠይቁ። ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንደ እድር ጥሩምባ ነው። ነፊው አንድ ጊዜ ይነፋል፣ አባል የሆነ ሁሉ ይሰማል። መልቲካስት የሚባለውም ይኸው ነው፦ አንድን ቻናል 40 ክፍል ቢያየውም ቻናሎቹን የሚያሰራጨው ሰርቨር የሚልከው አንድ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ መገባደጃ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ሲሰራጭ የተማራችሁ ሐሳቡን ታውቁታላችሁ። አንድ መምህር ይናገራል፣ ዲሽ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይቀበላል።

ችግሩ፣ ተራ ስዊች አባሉን ከአባል ያልሆነው አይለይም። የመጣለትን መልቲካስት ሁሉ በየበሩ (በየፖርቱ) ይነፋል። አንድ ጥራት ያለው ቻናል በሰከንድ 8 ሜጋቢት ገደማ ቢወስድና ሰርቨሩ 20 ቻናል ቢለቅ 160 ሜጋቢት ይሆናል፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው 100 ሜጋቢት ብቻ የሚችል ዲኮደር ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ማናጅድ (ቅንብሩ የሚስተካከል) የሆነና «አይጂኤምፒ ስኑፒንግ» ያለው ስዊች ይግዙ። የትኛው ፖርት የትኛውን ቻናል እንደጠየቀ አዳምጦ ለዚያ ብቻ ያቀብላል።

ግን ይኼ ብቻውን አይበቃም። ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ማረፊያ ቤት ስንሠራ ስኑፒንጉን ከፍተን ቴሌቪዥኑን አበራን። ዜናው ጥርት ብሎ መጣ፣ የቤቱ እመቤት ደስ ብሏቸው ቡና እንዲፈላ አዘዙ። አቦሉ ሳይቀዳ ሥዕሉ ደርቆ ቀረ። ቻናል ቀይረን ስንመልሰው ይሠራል፣ ጥቂት ቆይቶ ይቆማል። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይደክመዋል እንዴ?» አሉኝ። ኬብል ቀየርኩ፣ ዲኮደር ቀየርኩ። በመጨረሻ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ጠበቅሁ፦ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ደግሜ ያዝኩ፣ ያው ሆነ።

ይኼ 260 ሰከንድ የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም። የእድር ጸሐፊ በየጊዜው ስም እንደሚጠራ፣ ኔትወርኩ ላይም «ይህን ቻናል የምታዩ አላችሁ?» እያለ በየ125 ሰከንዱ የሚጠይቅ አለ፤ ኩዌሪየር ይባላል። ሁለት ዙር ካለፈና የመልሱ 10 ሰከንድ ካበቃ በኋላም መልስ ያልሰጠ ይሰረዛል። እኛ ዘንድ ጠሪ ስላልነበረ መልስ የሚሰጥም አልነበረም፤ ስዊቹ ሁሉንም ሰረዛቸው። በትልልቅ ድርጅቶች ይህን ሥራ ራውተሩ ይሠራል። ትንሽ ሆቴል ግን ብዙውን ጊዜ መልቲካስት የሚያውቅ ራውተር ስለማይኖረው አንዱ ስዊች ኩዌሪየር መሆን አለበት። ሻጩን «ስኑፒንግ አለው ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «ኩዌሪየር መሆን ይችላል ወይ?» ይበሉት። ከሰርቨሩ አጠገብ ያለውን ዋናውን ስዊች ይሹሙት። ሁለት ከተሾሙ አነስተኛ የአይፒ አድራሻ ያለው ያሸንፋል።

መብራቱን ደግሞ አይርሱ። ባለሙያው ያስተካከለውን ሴቭ ሳያደርግ ከሄደ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስዊቹ ሁሉንም ረስቶ ይነሣል። ኩዌሪየሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ እሱ ሲጠፋ ሌሎቹ በርተው ቢቆዩም ሥዕሉ ይቆማል።

ለቻናሎቹ በ239 የሚጀምር አድራሻ ይስጧቸው። 224.0.0 ብሎ የሚጀምረውን ስኑፒንግ አያግደውም። 239.1.1.1 እና 239.129.1.1 ደግሞ ስዊቹ በሚያነበው የማክ አድራሻ አንድ ስለሆኑ ብዙ ስዊቾች አይለዩአቸውም፤ ሁለቱን አብረው አይጠቀሙ። ዋይፋዩን በተለየ ቪላን (በተነጠለ ኔትወርክ) ያድርጉት፤ መልቲካስት በዋይፋይ በዝግታ ስለሚላክ የእንግዳውን ስልክ ሁሉ ያንቀራፍፋል።

በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ኖሮዎት የፈለጉት ካሜራዎችዎን ከአንድ መቅጃ ጋር ማገናኘት ብቻ ከሆነ ግን ይኼ ሁሉ አያስፈልግዎትም። የእያንዳንዱ ካሜራ ምስል ላኪውም ተቀባዩም አንድ አንድ ነው፤ በመልቲካስት ስም ተጨማሪ ብር አይክፈሉ።

ሥራውን ሲረከቡ አንድ ቴሌቪዥን ከፍተው ቻናል ሳይቀይሩ 10 ደቂቃ ይቀመጡ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፍተው ያብሩና ሌላ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ይስጡ።