ትምህርት 14፦ ሂደት ገላጭ ድርሰት

አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሂደት ገላጭ ድርሰት ይባላል። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ቅደም ተከተል ሲዛባ አንባቢው ግራ ይጋባል፤ አንዳንድ ጊዜም ሥራው ራሱ ይበላሻል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ፦ ከጉማጅ የተሠራ ቢላዋ

ጥንት «የደማስቆ ብረት» ይባል የነበረው በህንድና በስሪላንካ በሸክላ ማቅለጫ ተነጥሮ፣ በንግድ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እየተወሰደ ሰይፍ ይሠራበት የነበረ አረብ ብረት ነው። በላዩ የሚታየው ሞገድ መሰል መልክ ከብረቱ ውስጣዊ ጠባይ የመጣ ነበር። ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራው ግን ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸው አረብ ብረቶች ተደራርበውና በእሳት ተጣብቀው የሚሠራው ነው። አሜሪካዊው ቢላዋ ሠሪ ዊልያም ሞራን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ ቢላዎችን ለትርኢት ካቀረበ ወዲህ ሥራው በአገሩ አንጥረኞች ዘንድ ተስፋፍቷል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ተለምዷል፤ ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን ልዩነታቸውን መግለጽ ይገባዋል።

አንጥረኛው ይህን ብረት ለቢላዋ ሲቆርጠው ጫፍ ጫፉ ጉማጅ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ድካም የፈሰሰበት ስለሆነ መጣሉ ያሳዝናል። ስለዚህ ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ፣ ዝገታቸውንና ቅባታቸውን አስወግዶ፣ አራት ማዕዘን ባለው የብረት ቱቦ ውስጥ ይደረድራቸዋል። ቱቦው ከጉማጁ ጋር እንዳይጣበቅ ውስጡ አስቀድሞ በጽሕፈት ስሕተት ማጥፊያ ነጭ ቀለም ይቀባል (ለዚህ ሥራ ይውላል ብሎ ማን ያስባል!)። በመካከል የቀረውን ክፍተት በአረብ ብረት ዱቄት ሞልቶ አፉን በብየዳ ይዘጋዋል፤ አየር እንደ ልብ ከገባ የጋለው ብረት ቅርፊት አውጥቶ አልጣበቅ ይላልና። ቀጥሎም ቱቦውን ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት፣ ቢጫ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ አግሎ፣ ሙቀቱ እስከ መሐሉ እስኪዘልቅ አቆይቶ፣ በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ያሳርፈዋል። የመጀመሪያዎቹ የመዶሻ ምቶች ቀላል መሆን አለባቸው፤ ገና ያልተጣበቀ ብረት በኃይል ቢመታ ይንሸራተታልና።

ቱቦው ተሞርዶ ከተነሣ በኋላ የተጣበቀው ብረት እየጋለና እየተቀጠቀጠ የቢላዋ ቅርጽ ይይዛል። አሁን አስጨናቂው ሰዓት ይደርሳል። አንጥረኛው ስለቱን ማግኔት መሳብ እስኪያቆም አግሎ፣ ከዚያም ጥቂት ሙቀት ጨምሮ፣ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ያጠልቀዋል። ሲጣበቅ የተሠወረ ስንጥቅ ቢኖር ብረቱ በድንገት ሲቀዘቅዝ በሚደርስበት ውጥረት ይከፈታል። አንዲት ቀጭን «ቲንግ» የምትል ድምፅ የቀናት ሥራ ከንቱ መሆኑን ትነግረዋለች። ድምፁ ካልተሰማም ገና አላበቃም፤ በዚህ መንገድ የጠነከረ ስለት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ በ200 ዲግሪ ገደማ ለሁለት ለሁለት ሰዓት ሁለት ጊዜ ይሞቃል።

በመጨረሻም ተወልውሎ በፌሪክ ክሎራይድ ውህድ ውስጥ ይነከራል። ኒኬል ያለበት ብረት ብሩህ ሆኖ ሲቀር ሌላው ይጠቁራል፤ የጉማጆቹ አደራደር ያን ጊዜ ይገለጣል።

ለ. ስለ ቋንቋው

«ሰብስቦ፣ አስወግዶ፣ ይደረድራቸዋል» የሚለውን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቦዝ አንቀጾች፣ ሦስተኛው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ድርጊት ይጠብቃል፤ በእንዲህ ያለ ድርሰትም የቀደመውን ሥራ ያመለክታል። «አግሎ አጠለቀው» ብንል ስለቱ ይጠነክራል። «አጥልቆ አጋለው» ብንል ግን ቃላቱ እነዚያው ሆነው ሳለ ብረቱ ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል። ይሁንና ቦዝ አንቀጽን ያለ ልክ መደርደር አንባቢን ያደክማል፤ ከላይ ያለው ምንባብም «አግሎ፣ አቆይቶ፣ ይዞ» ባለበት ስፍራ ከዚህ ወቀሳ ፈጽሞ አያመልጥም።

ሐ. መልመጃ

1. የቱቦው አፍ የሚዘጋው ስለ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
2. «አግሎ፣ አቆይቶ፣ ይዞ» የሚገኙበትን ዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተሉን ሳታዛቡ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከፍላችሁ ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚሠራ አንጥረኛ ቢኖር ሥራውን ተመልክታችሁ፣ ከሌለም በቤታችሁ እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር አስተውላችሁ፣ ሂደቱን በአሥራ አምስት መስመር ግለጹ። ከተጻፈው ውስጥ አንዱን ደረጃ ሰርዙና ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ የጎደለውን ያገኘው እንደ ሆነ ጠይቁት።