ብዙ ወፍና ብዙ ዓይነት ወፍ

በትምህርት ዝግጅት ላይ ሳለን ከመካከላችን አንዱ «ስታዲየም አካባቢ ለሚማር ልጅ ስለ ወፍ ምን ይነገረዋል? ጫካ የት አለና!» አለ። ነገሩ ክርክር ስላስነሣ ቅዳሜ በማለዳ ደብተርና እርሳስ ይዘን ወጣን።

በመጀመሪያ በስታዲየም ዙሪያ ቆጠርን። ርግቡ ብዙ፣ ድንቢጡ ብዙ፤ ከላይ ደግሞ ሥጋ የሚሞጨልፈው ጭላት ይዞራል። ቁጥሩ ገጻችንን ሞላው፤ ዓይነቱ ግን ያው እነዚሁ ናቸው። ለእነሱ ፎቅ፣ ቆርቆሮና ትርፍራፊ ምግብ ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ መስቀል አደባባይን ተሻግረን ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ገባን። እዚያ ቁጥሩ አነሰ፤ ዓይነቱ ግን ጨመረ። በታከዜ ወንዝ ስም የምትጠራዋ አበባ መጣጭ ወፍ፣ ጅራተ ረጅሙ ፍሬ በል፣ ስማቸውን ያላወቅናቸው ጥቃቅኖችም ታዩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ነባር ዛፍ ያለበት ቅጽር ለወፍ ባለ ብዙ ደርብ ቤት ነው። ጭላት ጫፉ ላይ ጎጆ ይሠራል፤ ትንንሾቹ በቁጥቋጦው ይደበቃሉ፤ ሌሎች በረገፈው ቅጠል ሥር ትል ይፈልጋሉ። ግንደ ቆርቁር ያረጀውን ግንድ ይፈለፍላል፤ እሱ ሲለቅ ሌላ ወፍ ይገባበታል። ስለዚህ የዛፍ ብዛት ብቻውን አይበቃም። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ነገር ግን እሱ ብቻ በቆመበት ሥሩ ባዶ ስለሚሆን ደርቡ አንድ ይሆናል።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ የጓሮ ዛፎችም አብረው ተነሥተዋል። በአዲሱ መንገድ ዳር ችግኝ መተከሉ መልካም ነው፤ ግን ችግኝ ባንድ ክረምት ግንደ ቆርቁርን አያስተናግድም። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሏት። ወፍራም መንቁር ያለው ቁራና አንገተ ነጩ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር የትም አይገኙም። እነሱን ደግሞ ልጆቻችን በየቀኑ እያዩ «ወፍ ነው» ብለው ያልፏቸዋል!

ስለዚህ ለተግባር ልምምድ የሚወጣ ጓደኛችን ሁሉ ይህን ይሞክር። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ሁለት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንዱ ስንት ወፍ፣ በሌላው ስንት ዓይነት ብለው ይጻፉ። አንዴ አስፋልት ዳር፣ አንዴ ዛፍ ሥር አሥር አሥር ደቂቃ ይቁጠሩ። ዓይነቱን የለየ ልጅ ወንጭፉን ሊያስቀምጥ ይችላል። ጫካ የለም ያለው ጓደኛችንም አሁን ቆጣሪ ሆኗል።