የጣፊያ ደም ቅዳ አከፋፈል እና ጣፊያን የሚያተርፍ ቀዶ ሕክምና፦ ከምዕራብ ጎጃም ሁኔታ አንጻር

የተቀደደ ጣፊያን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የደም መፍሰስን ፈጥኖ ያስቆማል። ይሁን እንጂ ጣፊያ አልባ መሆን የሚያስከትለው ጉዳት በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም። በብር ሸለቆ እና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ነባር በሽታ ነው። ጣፊያ የወባ ጥገኛ የያዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጣራል፤ በተደጋጋሚ በወባ ሲጠቃ ግን ይተልቃል፤ በቀላል ምትም ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ጣፊያው ለመቀደድ ይበልጥ የተጋለጠው ሕመምተኛ፣ ጣፊያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሊተርፍ መቻሉ በአብዛኛው በደም ቅዳው አከፋፈል ይወሰናል።

የጣፊያ ደም ቅዳ በአብዛኛው ከሴሊያክ ግንድ ተነሥቶ በቆሽት የላይኛ ጠርዝ እየተጠማዘዘ ወደ ግራ ይሄዳል። ጣፊያው ደም ሥሮችን ወደሚቀበልበት በር ሲቃረብ ብዙ ጊዜ ወደ 2፣ አንዳንዴም ወደ 3 ዋና ቅርንጫፎች ይከፈላል። ክፍፍሉ ከበሩ ርቆ ሲጀምር ቅርንጫፎቹ ረጃጅምና የተራራቁ ስለሚሆኑ ለይቶ ማሰር ይቀላል፤ በብዛት የሚታየውም ይህ ዓይነት ነው። በሩ አጠገብ ሲከፈል ግን ቅርንጫፎቹ አጫጭርና የተጠጋጉ ናቸው።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን ክፍል ይመግባል፤ ክፍሎቹን የሚያገናኙ ደም ሥሮችም ጥቂት ናቸው። በመሆኑም አንዱ ቅርንጫፍ ሲታሰር የእርሱ ክፍል ይጠቁራል፤ ድንበሩም በዓይን ይለያል። ቀዶ ሐኪሙ ከድንበሩ ጥቂት ወደ ጠቆረው በኩል ገባ ብሎ ቢቆርጥ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል። በተጨማሪም ከጨጓራ ጋር የሚያገናኙት አጫጭር ደም ቅዳዎች የላይኛውን ጫፍ ለመመገብ ያግዛሉ። ዋርሻው እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው የቆሽት ጅራት ቀዶ ሕክምናም በእነዚህ ይተማመናል፤ ዋናው ደም ቅዳ ቢቆረጥም ጣፊያው እንዲቆይ ያደርጋል። ስለዚህ ጣፊያን ከጨጓራ ጋር የሚያያይዘውን ጅማት በችኮላ መቁረጥ አይገባም።

ይህ ሁሉ የሕመምተኛው የደም ግፊት ሲረጋጋ ብቻ ይሠራል። በሩ ከተቀደደ ወይም ደሙ አልቆም ካለ፣ ሕይወት ለማትረፍ ጣፊያው መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጣው ገበሬ የኒሞኮከስ ክትባት እና አጎበር ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት በተሰማው ቀን ሳያድር ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድም ሊነገረው ይገባል። ኪንግ እና ሹማከር እ.ኤ.አ. በ1952 ያመለከቱት ከባድ ኢንፌክሽን ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላም ሊከሰት ይችላልና።

የቀዶ ሕክምና ክፍሎች የቅርንጫፎቹን ቁጥርና የክፍፍሉን ቦታ በእያንዳንዱ ሕመምተኛ መዝገብ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሆን የአናቶሚ መረጃ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሰበሰባል።