አድሚራሉ፣ ሎሚውና «ነፃይቱ ኩባ»

ባለፈው ሰሞን በአንድ ግብዣ ላይ አንድ ጓደኛችን ሩም፣ ኮካ ኮላና ሎሚ የተቀየጠበትን ብርጭቆ አንሥቶ «ለነፃይቱ ኩባ!» አለና ጠጣ። የመጠጡ ስም «ኩባ ሊብሬ» ስለሆነ ትርጉሙን ማወቁ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ኩባን ማን ከማን ነፃ እንዳወጣት ሲጠየቅ መልስ አጣ። እኛም ብንሆን ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልነበረንም፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሩም ከምን እንደሚገኝ እንመልከት። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ፈልቶ ስኳሩ ከረጋ በኋላ ሞላሰስ የሚባል ጥቁርና ወፍራም ፈሳሽ ይቀራል። ይህ ተጠንስሶና ቦክቶ እንደ አረቄ ሲወጣ ሩም ይሆናል። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በካሪቢያን ደሴቶች ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ከአፍሪካ ተግዘው የተሸጡ ባሮች ናቸው። በአጨዳ ወራት መጭመቂያው ሌሊትም አይቆምም ነበር፤ ድካም ያሸነፈው ሰው እጁ ከአገዳው ጋር ወደ መጭመቂያው ቢገባ ክንዱን ቆርጦ ነፍሱን ለማትረፍ መጥረቢያ በአጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ስለ ሩም ጣዕም የሚያወሩ ሰዎች ይህን መጥረቢያ ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

እንግሊዞች በ1655 ጃማይካን ከእስፓኞች እጅ ከወሰዱ በኋላ መርከበኞቻቸው በቢራ ፋንታ ሩም ይታደላቸው ጀመር። ቢራ በረጅም ጉዞ ይሆመጥጣል፤ ቦታም ያጣብባል። በ1731 በወጣው ደንብ ለአንድ ሰው የቀን ድርሻው ሩብ ሊትር ያህል ሆነ፤ ያውም ውሃ ያልነካው! ይህን ጠጥቶ በማዕበል ጊዜ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ያስበው። ብሶ ደግሞ አንዳንዱ የብዙ ቀን ድርሻውን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይጠጣው ነበር።

እዚህ ላይ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርኖን ይመጣል። ይህ ሰው በ1739 በስድስት መርከቦች ብቻ ፖርቶ ቤሎ የተባለውን የእስፓኞች ወደብ በመያዙ በአገሩ ስሙ ገኖ ነበር። በኦገስት 21 ቀን 1740 ያወጣው ትእዛዝ ግን ከዚያ ድል ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ለአንድ ድርሻ ሩም አራት እጥፍ ውሃ ይጨመር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይታደል፤ መቀየጡም ተረኛው መኮንን ባለበት በይፋ ይፈጸም፤ መኮንኑም ማንም መርከበኛ ድርሻውን እንዳይታለል ይጠብቅ አለ። ቆጣቢ የሆኑትም ስኳርና ሎሚ እየጨመሩ እንዲያጣፍጡት ፈቀደ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በኋላ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሩም 54.5 በመቶ አልኮል ነበረው፤ በዚሁ ብናሰላ አንድ እጅ ሩም ከአራት እጅ ውሃ ጋር 11 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ከጠንካራ ጠጅ አይርቅም። ልብ ማለት የሚገባው ግን መርከበኛው በቀን የሚያገኘው አልኮል በአንዲት ጠብታ እንኳ አለመቀነሱን ነው። አድሚራሉ የቀነሰው ፍጥነቱን ነው፤ ውሃ የገባበት ሩም ደግሞ ቶሎ ስለሚበላሽ ለማጠራቀም አይመችም።

መርከበኞቹ በነገሩ ተቈጡ። ቬርኖን ግሮግራም ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሰፋ ካፖርት ይለብስ ስለነበረ «ሽማግሌው ግሮግ» ይሉት ነበር፤ ቅጥነት የጀመረውን መጠጥም «ግሮግ» አሉት። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ሰው ሲደነዝዝና ሲንገዳገድ «ግሮጊ» የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ቬርኖን በዚያ ሎሚ ድድ የሚያደማውንና ብዙ ባሕረኛ የጨረሰውን ስከርቪ የተባለ በሽታ አሸነፈ የሚሉ አሉ፤ እኛ አንቀበለውም። ሎሚው ለጣዕም፣ ያውም በፈቃድ የሚጨመር ነበር። ጄምስ ሊንድ የተባለው ሐኪም በ12 በሽተኞች ላይ ሙከራውን ያደረገው በ1747 ነው፤ የባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በደንብ ማደል የጀመረውም በ1795 ነው። የሩሙ እደላ ራሱ እየቀነሰ ሄዶ የቆመው በጁላይ 31 ቀን 1970 ሲሆን፣ ያን ቀን አንዳንድ መርከበኞች በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ሐዘን ተቀምጠዋል።

ሩም፣ ሎሚ፣ ስኳር። ይኸው ቅይጥ ያለ ውሃው በበረዶ ተመትቶ በኩባ «ዳይኪሪ» ተባለ። ዳይኪሪ በሳንቲያጎ አጠገብ ያለ የብረት ማዕድን ሠፈር ነው፤ ለመጠጡም ስሙ የሚነሣው በዚያ ይሠራ የነበረ ጄኒንግስ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የአሜሪካ ጦር በጁን 22 ቀን 1898 እስፓኞችን ሊወጋ ከባሕር የወረደውም በዚሁ ሠፈር ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ ደርሰናል። «ኩባ ሊብሬ» የመጠጥ ስም ከመሆኑ በፊት ከ1868 ጀምሮ ከእስፓኝ አገዛዝ ጋር የተዋጉት ኩባውያን መፈክር ነበር። ከተዋጊዎቹም ብዙዎቹ የባሮች ልጆች ወይም ራሳቸው ባሮች የነበሩ ናቸው፤ ባርነት በኩባ ፈጽሞ የቀረው በ1886 ነውና። (ኮካ ኮላም በአትላንታ የተፈለሰፈው በዚያው ዓመት መሆኑ ያስገርማል።) ሆሴ ማርቲ በ1895፣ አንቶኒዮ ማሴዮ በ1896 በጦር ሜዳ ወደቁ። በ1898 አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባችና እስፓኝ ተሸነፈች፤ በፓሪስ የሰላሙ ውል ሲፈረም ግን ኩባውያን ከጠረጴዛው አልቀረቡም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1899 እስከ ሜይ 20 ቀን 1902 ድረስ ደሴቲቱን ያስተዳደረው የአሜሪካ ጦር ነው። በ1901ም አሜሪካ ባሻት ጊዜ ጣልቃ እንድትገባ የሚፈቅድ አንቀጽ ከኩባ ሕገ መንግሥት ጋር እንዲያያዝ ተደረገ፤ የተሻረው በ1934 ነው።

መጠጡ ተወለደ የሚባለው እንግዲህ በዚያ በወታደራዊ አስተዳደር ዘመን፣ በሃቫና መሸታ ቤቶች፣ በአሜሪካ ወታደሮች መካከል ነው። ብርጭቆው «ነፃይቱ ኩባ» ሲባል በመንግሥቱ ሕንጻ ላይ የሚውለበለበው የአሜሪካ ባንዲራ ነበር።

ጓደኛችን ይህን ስንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ ስሙን ማን ይለውጠው?» አለን። ለውጠውታል። ከ1959 አብዮት በኋላ ወደ ማያሚ የተሰደዱ ኩባውያን፣ አብዮቱን ጠልተው፣ ያንኑ ሩም፣ ኮካ ኮላና ሎሚ «ላ ሜንቲሪታ» ይሉታል፤ ትንሿ ውሸት ማለት ነው።