ማሽን ስትገዙ ጋቢውን አስቡ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መጀመሪያ በተከራየሁት ቤት የነበረው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከላይ የሚከፈት፣ መሃሉ ላይ ወፍራም ዘንግ የቆመበት ነበር። እናቴ የላከችልኝን ጋቢና አንድ ነጠላ ጨመርኩበት። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ከበደና አንድ ጎን ላይ ተከመረ። መጭመቅ ሲጀምር ማሽኑ ከቦታው እየተነሳ ግድግዳውን ይደበድብ ጀመር። አጥፍቼ ስከፍተው የነጠላው ዘርፍ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል፤ በመቀስ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሰው ምን ዓይነት ማሽን ልግዛ ሲለኝ፣ ቤትህ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጨርቅ ምንድን ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። እኛ ቤት ጋቢ አለ፣ ቡልኮ አለ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ ብርድ ልብስ አለ።

አሜሪካ ውስጥ የማሽን መጠን የሚለካው በኪዩቢክ ፊት ነው። ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ 3.5 አካባቢ ለሳምንቱ ልብስ ይበቃል። ልጆች ካሉ፣ ወይም ጋቢውን ቤት ውስጥ ማጠብ ከፈለጋችሁ ግን ከ4.5 አትውረዱ። እኔ ከፊት የሚከፈተውን እመርጣለሁ፤ ዘንግ የለውም፣ ልብሱን እያነሳ ይጥለዋል እንጂ አይጠመዝዘውም፣ ውሃም ይቆጥባል። እርግጥ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አጥቦ ለመጨረስም ይዘገያል። የበሩን ጎማ ካልወለወላችሁ፣ በሩንም ገርበብ አድርጋችሁ ካልተዋችሁት ሻጋታ ይይዛል። ወገቡን የሚያመው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ጎንበስ ማለቱ ይከብደዋልና፣ ከላይ የሚከፈት ሆኖ ዘንግ የሌለውን ፈልጉለት። የትኛውንም ብትገዙ ጋቢ ለብቻው አይግባ፤ ሁለት ሦስት ፎጣ ጨምሩና ክብደቱ በዙሪያው ይደላደል። ጥለት ያለው የሀበሻ ቀሚስ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ይታጠብ፤ ማድረቂያ ውስጥም አይግባ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ። የአፓርትመንት ተከራይ ከሆናችሁ ውሉን አንብቡ፤ የራስን ማሽን ማስገባት የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። ማጠቢያው በተራው 120 ቮልት ሶኬት ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ 240 ቮልት ይፈልጋል። ሶኬቱ ባለሦስት ወይም ባለአራት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች በብዛት ባለአራቱ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ አሳዩት። ቤቱ የጋዝ መስመር ካለው በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያም አለ፤ አንዱ ግን በሌላው ቦታ አይገጠምም። ሜትር ይዛችሁ በሩንና ወደ ቤዝመንት የሚወርደውን ደረጃ ለኩ። የተለመደው ማሽን ስፋቱ 27 ኢንች ነው፤ ለጠባብ ቦታ ባለ24 ኢንቹ አለ። ከኋላ ለቱቦው 6 ኢንች ያህል ተዉ።

ከፊት የሚከፈት ገዝታችሁ ከሆነ፣ ሳይሠራ በፊት ከጀርባው ያሉት የማጓጓዣ ብሎኖች መፈታታቸውን እዩ። ሳይፈቱ ከተሠራበት ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎዳልም።

ስለ ሳሙና ጥቂት ልበል። እኛ ያደግነው ሳፋው በኦሞ አረፋ ካልሞላ ልብሱ የጸዳ በማይመስለን ቤት ነው። አዲሶቹ ማሽኖች በጥቂት ውሃ ስለሚያጥቡ የበዛ አረፋ ቆሻሻውን መልሶ ልብሱ ላይ ያስቀረዋል። የኤች ኢ ምልክት ያለበትን ፈሳሽ ሳሙና ግዙ፤ ለአንድ እጥበት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ወጥ የነካው ልብስ ደግሞ እድፉ ሳይለቅ ማድረቂያ ውስጥ አይግባ፤ ሙቀቱ ያጣብቀዋል።

እዚህ ማሽን ገዝቶ በኮንቴይነር ለቤተሰብ መላክ የሚያስብ ብዙ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ አትላኩ። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ገንዘቡን ላኩና እዚያው ይገዛ። ከዚያ በፊት ግን ደውላችሁ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶና ፓምፕ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ አውቶማቲኩ ውሃ ሲጠብቅ ይቆማል፤ በባልዲ ውሃ የሚሞላው፣ ማጠቢያና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነው ማሽን ለእናታችሁ ይሻላታል።