ከመፈረምሽ በፊት

እስቲ ወረቀቱን ወዲህ በይ፣ አብረን እናንብበው። «ጥናት» የሚለውን ገና ስታዪ «ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው» ብለሽ መደንገጥሽ አይፈረድብሽም። ደም ካንሰር ነው ከተባልሽ ገና ሳምንትሽ ነው።

ግን የኔ እናት፣ አሁን የሚሰጠው ሕክምና ራሱ የሌሎች እናቶች እሺታ ያመጣው መሆኑን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም ለ16 ልጆች አዲስ መድኃኒት ሰጥቶ 10ሩ መሻል እንዳሳዩ ጻፈ። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ በወራት ውስጥ ነበር የሚያልፈው። የተሻላቸውም ቢሆኑ ቆይቶ አገረሸባቸው። በ1962 ሜምፊስ ከተማ የተከፈተው የሴንት ጁድ ሆስፒታል ሐኪሞች ጥናት በጥናት ላይ እየጨመሩ ምክንያቱን ደረሱበት፤ በሽታው አንጎልና አከርካሪ አካባቢ ይደበቃል፣ ደሙ ንጹሕ ከመሰለ በኋላም ሕክምናው ለዓመታት መቀጠል አለበት። ማክሰኞ ልጅሽን በጎኑ አስተኝተው፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፈው በጀርባው መድኃኒት ሲሰጡት በር ላይ ቆመሽ አልቅሰሻል። መርፌው የተደበቀውን ለመድረስ ነው።

ዛሬ አቅም ባላቸው አገሮች ከ10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። እኛ ጋ ገና እዚያ አልደረስንም፤ አንዱ ምክንያት የልጁ ፊት ሲመለስ «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ነው። ብትፈርሚም ባትፈርሚም አታቋርጪ። ለሕክምናው ስትመላለሺ ለማደሪያው አታስቢ፣ እኔ ቤት አለልሽ።

«በዕጣ ይመደባል» የምትለዋን ደግሞ ረጋ ብለሽ አንብቢያት። ያስፈራሽ እሷ ናት። ዕጣ ለምን እንደሚጣል እንዲገባሽ፣ ክብደታቸው አንሶ ስለተወለዱ ሕፃናት ልንገርሽ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ1.8 ኪሎ በታች የሚመዝኑ ከ3 ሺህ በላይ ጨቅላዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደተለመደው እስኪጠና ማሞቂያ ውስጥ ቆየ፤ ሌላው ገና እንደተወለደ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተደረገ። ያልጠና ሕፃን ከማሞቂያ አይወጣም በሚባልበት ጊዜ ነው ይሄ። በ28 ቀን ውስጥ ማሞቂያ ከገቡት ከ100 ወደ 16 የሚጠጉት ሞቱ፤ እናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት ግን 12ቱ። ልዩነቱ ሲታይ ጥናቱን ከውጭ የሚከታተለው ቡድን ቶሎ እንዲቆም መከረ፣ ቆመም። ውጤቱ የታተመው በ2021 ነው። ዕጣ የሚጣለው የቱ እንደሚሻል ገና ስላልታወቀ ነው። እያወቁ ቢጥሉማ ኃጢአት ነበር።

ስለዚህ ነገ ዶክተሩን ጠይቂያቸው። ከተለመደው ሕክምና የሚቀርበት ነገር አለ? ምን ይጨመርበታል? ደም ስንት ጊዜ ይወሰድበታል? የተጨማሪውን ምርመራ ማን ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስበትስ? «እሺ፣ እሺ» እያልሽ አትለፊ፤ ካልገባሽ «እንደገና ያስረዱኝ» በያቸው። ይቀየሙኛል ብለሽ አትስጊ፣ ማስረዳት ግዴታቸው ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እምቢ ብትይም፣ ጀምረሽ ብትተዪውም ሕክምናው አይጓደልበትም ይላል፤ ያንን አፍ አውጥተው ይንገሩሽ። ልጁንም አማክሪው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ መርፌው የሚገባው እሱ ገላ ላይ ነው፤ ሳይነግሩት ሲይዙት ነው ይበልጥ የሚፈራው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መልሳቸው ካረካሽ ፈርሚ እላለሁ። ከኛ ልጆች የተገኘ መረጃ ከሌለ የሚታከሙት ሌላ አገር ለሌላ ልጅ በተለካ ነው፤ የኛዎቹ ሲታመሙ ብዙዎቹ ክብደታቸው ቀንሶ፣ ዘግይተው ነው የሚደርሱት።

ዛሬ ማታ ግን አትፈርሚ፣ ደክሞሻል። ቴርሞሜትሩን ትራስሽ አጠገብ አድርጊው። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝና ወደ ሆስፒታል እንወስደዋለን፤ የሚወስደው የካንሰር መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዳክመው እስኪነጋ አንጠብቅም።