ጫጩትን ለመጀመሪያ ጊዜ በቤት አስፈልፍሎ ስለ ማሳደግ

ዶሮ ማርባት በአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በጠባብ የከተማ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫጩት ለማስፈልፈል የሚያስብ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዶሮ የምታመጣው በረከትና የምታመጣው በሽታ በአንድ በር የሚገቡ መሆናቸው ነው። ዕንቁላል የሕፃኑን አካል ይገነባል፤ የዶሮ ኩስ ግን ያንኑ ሕፃን ለተቅማጥ ይዳርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ሕፃናት ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፤ ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ መሆናቸውን፤ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ ግን ይህ ከልጆቹ ዕድገት መጓደል ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ዶሮ እናርባ ወይስ አናርባ የሚለው ሳይሆን፤ የት እናሳድራት የሚለው ነው።

1ኛ፤ ስለ ዕንቁላሉና ስለ ታቃፊዋ ዶሮ።

ለመታቀፍ የሚመረጠው ዕንቁላል አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፤ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው፤ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል። ያደፈውን አጥቦ ማስታቀፍ አይገባም፤ ውሃ የቅርፊቱን መከላከያ ሽፋን አንሥቶ ተሐዋስያን በጥቃቅኑ ቀዳዳ እንዲገቡ መንገድ ይከፍታልና። ለአንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 ዕንቁላል ይበቃታል፤ ከዚህ ቢበዛ ሁሉንም በእኩል ልታሞቅ አትችልም። ጎጆዋ ጸጥ ባለ ጥላ ሥፍራ ይዘጋጅ፤ ደረቅ ጭድ ይነጠፍበት፤ ቅንቅን እንዳይወራትም ጥቂት አመድ ይነስነስበት። ምግብና ውሃ በአጠገቧ ይቀመጥላት።

በ7ኛው ቀን ማታ ዕንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት ይዞ መመልከት ይጠቅማል። የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ከታዩ ሽሉ በሕይወት አለ፤ ጥርት ብሎ የሚያበራው ግን ዘር የለውምና ይወገድ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ዕንቁላሉን መነካካት አይገባም። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ጫጩቱ ቅርፊቱን መብሳት ከጀመረ በኋላ ጨርሶ እስኪወጣ አንድ ቀን ያህል ሊፈጅበት ይችላል። አዝኖ ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ገና ያልደረቀውን የደም ሥር በጥሶ ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያሻል።

2ኛ፤ ስለ ሙቀትና ስለ ምግብ።

እናት ያለችው ጫጩት በክንፏ ሥር ይሞቃል። ያለ እናት የሚያድገው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ይመልከት፤ ተጨናንቀው ቢንጫጩ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ርቀው አፋቸውን ቢከፍቱ ሞቋቸዋል። ለማሞቅ ሲባል የከሰል ምድጃ ሰው በሚተኛበት ዝግ ክፍል ማሳደር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ጫጩቱንም ቤተ ሰቡንም በእንቅልፍ ላይ ይገድላልና።

ውሃቸው ጥልቀት በሌለው ዕቃ ይሁን፤ እንዳይሰጥሙም ንጹሕ ጠጠር ይጨመርበት። ምግባቸው ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ ቢሆን ይመረጣል።

3ኛ፤ ስለ ንጽሕና።

ጤናማ የሚመስል ጫጩት እንኳ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን ተሐዋስያን በአንጀቱ ይዞ በኩሱ ሊያወጣ ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፤ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን በዚህ ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ፤

የጫጩቶቹ ማደሪያ ከመኝታ ቤትና ከማድ ቤት የተለየ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባበትም በሚገባ ይዘጋ። ሕፃን በሚድህበት ሥፍራ አይልቀቋቸው። ጫጩት የነካ ሁሉ ወዲያው እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፤ ልጆችም ጫጩት እንዳይስሙ ይከልከሉ። የመኖና የውሃ ዕቃቸው ከሰው ዕቃ ጋር አይታጠብ። ኩሱ በየጊዜው ተጠርጎ ከውሃ ጉድጓድ በራቀ ሥፍራ ይከማች፤ በሚገባ ሳይብላላም ለጓሮ አትክልት አይዋል።

4ኛ፤ ስለ በሽታ።

ፈንግል መንጋን በጥቂት ቀናት ሊፈጅ የሚችል በሽታ ነው፤ መከላከያው ክትባት ስለሆነ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ። ለሰው የታዘዘውን የቴትራሳይክሊን እንክብል በጫጩት ውሃ መበጥበጥ ፈንግልን አያድንም፤ ይልቁንም ተሐዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል። ብዙ ዶሮዎች በድንገት ቢሞቱ የቀሩትን አርዶ መብላት ወይም ወደ ገበያ ማውጣት አይገባም፤ ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ የሞቱትም በጥልቅ ይቀበሩ። ሕፃን ትኩሳትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዘው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በቤት ዶሮ መኖሩም ለሐኪሙ ይነገረው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፤ የ21ዱንም ቀን ለውጥ በደብተር እንዲጽፉ ቢያደርጉ፤ ልጆቹ የፍጥረትን ሥራና የንጽሕናን ሥርዓት አብረው ይማራሉ። ንጹሕ እጅና ለብቻው የተሠራ የዶሮ ቤት ያለው ቤተ ሰብ ዕንቁላሉን ይበላል፤ ከበሽታውም ይጠበቃል።